ትምህርት ቤቱን አይደለም የሚፈራው

ልጅ በር ላይ ሙጭጭ ብሎ ሲያለቅስ አዋቂው ሁሉ የሚያባብለው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ «አይዞህ፣ ትምህርት ቤት እኮ ደስ ይላል! ጓደኞችህ አሉ፣ ኳስ አለ፣ ትጫወታለህ።» የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው የትንንሾቹን ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የምቀበላቸውም እኔ ስለሆንኩ ይህን ማባበያ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ለአብዛኞቹ ይሠራል፤ እንባቸው ሳይደርቅ ወደ ጨዋታ ይሮጣሉ። ማባበያው ጨርሶ የማይነካው ልጅ ግን አለ። ኳሱንም ጓደኛውንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ምክንያቱም ያስጨነቀው ትምህርት ቤቱ አይደለም። ያስጨነቀው፣ እሱ እዚህ ተቀምጦ ሲጽፍ እናቱ አንድ ነገር ብትሆንስ የሚለው ሐሳብ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህኛው ልጅ ነው። ባለሙያዎቹ የመለያየት ጭንቀት ሕመም ይሉታል። ዘመድ አዝማዱ ደግሞ «ሞልቃቃ ነው»፣ «እናቱ ናት ያበላሸችው»፣ «ተዪው፣ አልቅሶ አልቅሶ ይለምዳል» ይላል። ይህን ስሰማ አንጀቴ ይቃጠላል። እናቲቱም ልጁም ባላጠፉት ጥፋት ይወቀሳሉ፤ ፍርሃቱም ስሙን ሳያገኝ እየከረመ ይሄዳል።

ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ አንድ የ7 ዓመት ተማሪዬ ነው። (እናቱ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን አውጥቻለሁ።) የፈለግህበት ተቀመጥ ሲባል ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ዋናውን በር ያሳያል። ሁለት መስመር ይጽፍና ቀና ይላል፤ በሩን አይቶ ይመለሳል። ጎበዝ ነው፤ ንባብ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀድሞ የያዘው እሱ ነበር፤ ልቡ ተሰቅሎ ስለሚውል ግን የጀመረውን አይጨርስም። «ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቲቸር፣ እማዬ አሁን ሥራ ደርሳለች?» ይላል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነዘር ካለ ከሁሉ ቀድሞ ቀና የሚለው እሱ ነው፤ ክፉ ወሬ ሰምቼ እንደሆነ ከፊቴ ላይ ይፈልጋል። አንድ ቀን አምቡላንስ እየጮኸ በመንገዱ አለፈ። ሌሎቹ ድምፁን እያስመሰሉ ሲሳሳቁ እሱ እርሳሱን አስቀምጦ ተነሳ። «እማዬ በዚህ መንገድ ነው የምትሄደው» አለኝ። አላለቀሰም። አዋቂ ለአዋቂ በሚያወራበት ድምፅ ነበር የነገረኝ።

እንደ ዘበኛ ነው። ከሥራ ቦታው ከራቀ አደጋ የሚመጣ የሚመስለው ዘበኛ። እንዲህ ላለ ሰው «ና ኳስ እንጫወት» ቢሉት እንዴት ብሎ እሺ ይላል?

ከእናቱ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ መነሻው ግልጽ ሆነልኝ። ከወራት በፊት ሌሊት ድንገት ታማ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ልጁ ተኝቷል፤ እንዳይደነግጥ ብለው አልቀሰቀሱትም። ጠዋት ሲነሳ እናቱ የለችም። ቤት ያለችው አክስቱ ናት፤ «ትመጣለች» ከማለት በቀር የነገረችው የለም። እናቱ ድና ተመለሰች። እሱ ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብቻውን አልተኛም፤ ቅዠቱም ሁልጊዜ ስለ መጥፋት ነው፤ አንዳንዴ እሷ ትጠፋለች፣ አንዳንዴ እሱ። በልጅ አእምሮ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዓይኔን ስከድን እማዬ ሄደች፤ እንግዲያው ዓይኔን መክደን የለብኝም።

ሁሌ እንዲህ ዓይነት ቁርጥ ያለ መነሻ አይገኝም። የዘመድ ሞት፣ የወላጆች መለያየት፣ ቤት መቀየር፣ የልጁ የራሱ መታመም ነገሩን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። በተፈጥሯቸው ፍርሃት የሚቀናቸው ልጆችም አሉ፤ ጭንቀት በዘርም ይወረሳል። ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ መቆፈር አያስፈልግም። ዋናው ልጁ አሁን ምን ይፈራል የሚለውን ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ፤ ያለዚያ ይህን ያነበበ ወላጅ ሁሉ ሕፃኑን ይዞ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ከእናት ወይም ከአባት መለየትን መፍራት በራሱ ሕመም አይደለም፤ የጤነኛ እድገት አካል ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ገደማ ሕፃኑ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወርም የሆነ ቦታ እንዳለች ይገባዋል። መቼ እንደምትመለስ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ያለቅሳል። ልቅሶው 1 ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀለለ ሄዶ 3 ዓመት አካባቢ አብዛኛው ልጅ ተረጋግቶ መለየት ይችላል። አዲስ ትምህርት ቤት በሚጀመርባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ማልቀስም ያለ ነው። እኔ የማልቀስ መብታቸውን አከብራለሁ።

ሕመም የሚባለው ፍርሃቱ ከዕድሜው ሲያልፍ፣ ሲሰነብትና የልጁን ኑሮ ሲያውክ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ 8 ምልክቶችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህ ቢያንስ 3ቱ ልጁ ላይ ለ4 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መታየት አለባቸው። የእኔ ተማሪ የነበሩበትን ቆጥሩለት፤ ሊለያዩ ሲሉ ከባድ ጭንቀት፣ እናቴ ትሞታለች የሚል የማይለቅ ሐሳብ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ብቻውን አለመተኛት፣ የመለያየት ቅዠት፣ የሆድ ሕመም። ሌሎች ልጆች ላይ ደግሞ እጠፋለሁ ወይም ያፍኑኛል የሚል ፍርሃት አለ፤ ቤት ውስጥ እንኳን ብቻቸውን ሌላ ክፍል መግባት የሚያቅታቸው፣ እናታቸውን መጸዳጃ ቤት በር ድረስ የሚከተሉ አሉ። ብርቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ከጭንቀት ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

ስለ ሆድ ሕመሙ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ልጆች በብዛት የሚበደሉት እዚህ ላይ ነው። እሑድ ማታ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ጫማ ሲደረግ ይብሳል፤ ማስመለስም ሊኖር ይችላል። እናትየው ደንግጣ ቤት ካስቀረችው እረፋዱ ላይ ድኖ ይጫወታል። ቅዳሜ ደግሞ ሆድ የሚባል ነገር አይታወሰውም። ያኔ አዋቂው «አታላይ ነው፣ ውሸቱን ነው» ይላል። ውሸቱን አይደለም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ያመነጫል፤ ደም ወደ እግርና ወደ እጅ ጡንቻ ይሄዳል፤ የጨጓራ ሥራ ይዛባል። ሆዱ እውነት ይቆርጠዋል። ሐኪም መርምሮ ምንም አላገኘሁም ቢል፣ ኢንፌክሽን የለም ማለቱ እንጂ ልጁ አላመመውም ማለቱ አይደለም። የሚያስፈልገው «ሆድህ እንዳመመህ አምናለሁ፤ ፍርሃት ሲመጣ ሆድ እንዲህ ያደርጋል፤ ክፍል ገብተህ ስትቆይ ይቀልልሃል» የሚለው ሰው ነው። ይህን አቅፌ ስነግረው ልጁ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ያመነው ሰው ማግኘቱ ብቻውን ግማሹን ሸክም ያወርድለታል።

ምርመራውን ግን አትዝለሉት። የሚደበድበው ልጅ ስላለ፣ ንባብ ስለከበደው፣ ወይም ከዚህ የከፋ ነገር እየደረሰበት ስለሆነ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ልጅም አለ። እኔ የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ። እናቱ ክፍል ውስጥ አብራው ብትቀመጥ ዘና ብሎ ይማራል? አዎ ከሆነ ችግሩ መለያየቱ ላይ ሊሆን ይችላል። እናቱ እያለችም ከአንድ ልጅ ወይም ከአንድ አዋቂ የሚሸሽ ከሆነ፣ ከጭንቀት ሕመሙ በፊት ሌላ የሚጣራ ነገር አለ።

አሁን ወላጆችን የምለምነው። ተደብቃችሁ አትሂዱ። ልጁ መጫወቻ ሲያይ ሹልክ ብሎ መውጣት ለዚያች ደቂቃ ልቅሶ ያስቀራል፤ ለልጁ የሚያስተምረው ግን ዞር ባልኩ ቁጥር ሰው ይጠፋል የሚለውን ነው። በማግስቱ ቀሚስ አይለቅም፤ ለምን ይለቃል? ንገሩት፣ እቀፉት፣ መቼ እንደምትመጡ በሚገባው ቃል ተናገሩ («ከምሳ በኋላ መጽሐፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ»)፣ ከዚያ ሂዱ። ስንብቱ አጭር ይሁን። እያለቀሰም ቢሆን ሂዱ፤ በር ላይ ቆሞ መለስ እያሉ ማየት ፍርሃቱን ያረዝመዋል። ስትሄዱ ማየቱ እንደምትመጡ ለማመን ይጠቅመዋል።

«ዝም አለ፣ ለመደ» የሚባለውም ያሳስበኛል። ከ70 ዓመት በፊት እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታል የሚተኙ ሕፃናትን ወላጆቻቸው የሚያዩዋቸው በጣም ተገድቦ ነበር፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ ሆስፒታሎችም ነበሩ። ሕፃናቱ መጀመሪያ አምርረው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይተክዛሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ነርሶቹም ለመዱ ይሉ ነበር። የእናትና የልጅን ትስስር ካጠናው የአእምሮ ሐኪም ከጆን ቦውልቢ ጋር ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን ያ ዝምታ መልመድ እንዳልሆነ፣ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ማራቁ እንደሆነ አስተዋለ። ሆስፒታል የገባች አንዲት የ2 ዓመት ሕፃንን በፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሐኪሞች አሳየ፤ ብዙዎቹ ተቆጡ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1959 መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ መከረ። ዛሬ እናት ከታመመ ልጇ አልጋ አጠገብ ስታድር ብርቅ የማይሆንብን በእነዚህ ሰዎች ሙግት ጭምር ነው። እኔም ክፍሌ ውስጥ ከሚያለቅሰው ይልቅ ጥጉ ላይ ፀጥ ብሎ የማይጫወተውን፣ የማይበላውን ልጅ ቀድሜ አያለሁ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። እናቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰደችው፤ እኔም በእናቱ ፈቃድ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋገርኩ። ሕክምናው ሲቢቲ የሚባለው፣ በአስተሳሰብና በባህሪ ላይ የሚሠራው ነው። ልጁ የፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ እየሞከረ፣ የጠበቀው ክፉ ነገር አለመድረሱን በራሱ ዓይን ያያል። ቤት ውስጥ ተጀመረ፤ እናቱ ሌላ ክፍል ገብታ በር ትዘጋለች፤ ቀጥሎ ውጭ ደርሳ ትመለሳለች፤ ቀጥሎ እሱ ከአክስቱ ጋር ሆኖ እሷ ለአንድ ሰዓት ትወጣለች። ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያ እስከ ክፍሉ በር፣ ከዚያ እስከ ግቢው መሐል፣ ከዚያ እስከ ዋናው በር ብቻ። አንዱ ሳይለመድ ወደሚቀጥለው አይታለፍም።

ለእናቱ የከበዳት የራሷን ድርሻ መቀነስ ነበር። በየዕረፍቱ ትደውልለት ነበር። ማታ «አትሞቺም አይደል?» ሲላት «አልሞትም» ትለዋለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጠይቃታል፤ እንደገና ትመልሳለች። ልጇ ሲጨነቅ እንዲህ የማታደርግ እናት የለችም፤ ፍቅር ነው። ችግሩ ማረጋገጫው ቶሎ ያልቃል፤ ልጁም ያለ ማረጋገጫው መቆየት እንደሚችል አይማርም። አሜሪካ በሚገኘው የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሊ ሌቦዊትዝ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በዚህ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሕክምና አዘጋጅቷል፤ ከባለሙያው ጋር የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው እንጂ ልጁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የ124 ልጆች ጥናት፣ ይህ ልጁ ራሱ ከሚወስደው ሲቢቲ እንደማያንስ አሳይቷል። ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ባለሙያ ፊት አልቀመጥም ብሎ ድርቅ ለሚል ልጅም መንገድ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ስልኩ በየቀኑ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ ወረደ። ለማታው ጥያቄ መልሱ ተቀየረ፤ «ከባድ እንደሆነብህ አውቃለሁ። እንደምትችለውም አውቃለሁ።» ይህን ብላ ግንባሩን ስማ መብራት ታጠፋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ልቅሶው ባሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ወላጅ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው።

የባለሙያዋ ሐሳብ ሆኖ እኔ ዘንድ የተሠራ አንድ ነገር አለ። ጠዋት ሲገባ ልጁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ዛሬ እማዬ ምን ትሆናለች ብሎ እንደሚፈራ ይጽፋል ወይም ይሥላል። ወረቀቱ ታጥፎ መሳቢያዬ ውስጥ ይገባል። ልትወስደው ስትመጣ ከፍቶ ያየዋል፤ ያልኩት ሆኗል ወይስ አልሆነም? ምልክቱን የሚያደርገው ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ «መኪና ይገጫታል»፣ «ሆዷን ያማትና ይወስዷታል» የሚሉ ነበሩ። መኪናውን ተጠንቅቆ ነበር የሚሥለው፤ ጎማውን፣ መብራቱን፣ የሹፌሩን ፊት ሳይቀር። እየቆየ ሥዕሉ ቀረ፤ ጽሑፉም አጠረ። «ትዘገያለች» ብሎ በጻፈበት ቀን እናቱ እውነትም ዘገየች። እኔ ጨንቆኝ ነበር። እሱ ወረቀቱን ከፍቶ አየና «ዘገየሽ ግን መጣሽ» አላት። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ፣ በሰዓቷ ከመጣችባቸው ቀናት ሁሉ የበለጠ ያስተማረው ይህ ቀን ነው አለች። ፍርሃቱ ግማሹ እውነት ሆኖም ዓለም አልፈረሰችም።

መድኃኒትስ? የሚሉኝ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 ልጆችን ያሳተፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ ልጆቹ የመለያየት ጭንቀት ወይም ሌላ የጭንቀት ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ በደንብ የተሻላቸው፣ ሲቢቲ ብቻ ካገኙት ከ100 60 ያህሉ፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 55 ያህሉ፣ ሁለቱንም ካገኙት 81 ያህሉ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 24 ያህሉ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በንግግርና በልምምድ ይጀመራል፤ ከባድ ከሆነ መድኃኒቱ ይጨመራል። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ የጎረቤትም የእኔም አይደለም።

ነገሩ አንዴ ከቀለለ በኋላም ይመላለሳል። ረጅም ዕረፍት ካለፈ በኋላ፣ ልጁ ታሞ ሰንብቶ ሲመጣ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚታመም ሰው ሲኖር ይነሳል። ያኔ ከዜሮ ተጀመረ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የተለመደውን ልምምድ ለጥቂት ቀን መመለስ ይበቃል። የተማሪዬ እናት ለክትትል እንደገና ሆስፒታል መሄድ ነበረባት። በዚህኛው ጊዜ ከዋዜማው ነገረችው፤ ለምን እንደምትሄድ፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚወስደው፣ መቼ ቤት እንደምትገባ። ለእኔም መልእክት ላከችልኝ። ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ መጣ፤ ሆዱንም ያዝ አድርጎ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ግን ክፍል ዋለ።

መምህራን ለሆናችሁ፣ የሚያለቅሰው ልጅ ምን እንደሚፈራ ገምታችሁ ከማባበላችሁ በፊት ጠይቁት፤ «አንተ እዚህ ስትሆን እማዬ ምን የምትሆን ይመስልሃል?» በሉት። አባቱ ወይም አያቱ ከሆኑ የሚያሳድጉት ስማቸውን ጥሩ። መልሱን ሳታሳጥሩ ጻፉትና ለወላጁ ስጡ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ወላጆች ደግሞ 4 ሳምንት አልፎ ጠዋቱ አሁንም ትግል ከሆነ፣ ከሕፃናት ሐኪም ጀምሩ፤ ልጁ የቀረባቸውን ቀናት፣ ሆዱ የሚያምባቸውን ሰዓታት፣ የእንቅልፉን ሁኔታ መዝግባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ድረስ ግማሽ ቀንም ቢሆን ይግባ እንጂ ከትምህርት ቤት አይቅር፤ ቀርቶ የዋለበት ቀን የሚቀጥለውን ጠዋት ያከብደዋል።